ለአንድ ሰው የተፈቀደ ጉዞ

መጋቢት 25 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ድሬዳዋ

ይህን ደብተር የገዛሁት የፈረንሳይኛ ቃላት ላጠናበት ነበር። የመጀመሪያዎቹን ገጾች አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ ኮሌታ፣ እጅጌ፣ ካውያ እያልኩ ከአባባ አፍ በሰማሁት ሞልቻቸዋለሁ። ዛሬ ግን አላጠናም። ደስ ብሎኛል። እማዬ «ያልተያዘ ነገር ሲያወሩት ይበርራል» ስለምትል ጮክ ብዬ አልናገርም፤ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ፋዱሞ ትናንት በባቡር ከጅቡቲ ገባች። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ናት፤ ሽርጥና ሽቶ እየያዘች ትመላለሳለች፣ ፈታሾቹን ሁሉ በየስማቸው ታውቃቸዋለች። ታላቅ እህቷ ሃዎ እዚያ ወደብ አጠገብ ባለ ሆቴል የልብስ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ሙቀቱ ሲበረታ ነባሮቹ ሠራተኞች ለዕረፍት ስለሚወጡ ሆቴሉ ለእነዚያ ወራት ምትክ ይቀጥራል። ሃዎ ስሜን ሰጥታለች።

«ትተኩሻለሽ፣ ታጥፊያለሽ፣ ኸላስ!» አለችኝ ፋዱሞ በራችን ላይ ቆማ። «ግን ሃዎ ምን አለች? ፈረንሳይኛ ትችላለች ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁ፤ ካሳፈረችኝ ወላሂ ከነሻንጣዋ ባሕር ነው የምከታት አለች።»

ፈቃዱም አለ። አባባ ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እንደ እሱ ላለ ጡረተኛ በዓመት ከቤተሰቡ አንድ ሰው ለዕረፍት ጅቡቲ ደርሶ እንዲመለስ ይፈቀዳል። እዚያ ዘመድ ስለሌለን እስከ ዛሬ ማንም አልተጠቀመበትም። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው «ለዕረፍት» ነው። ጅቡቲ ሄዶ ያረፈ ሰው ግን አላውቅም። ሁሉም ሠርቶ ነው የሚመለሰው፤ አንዳንዱም ሠርቶ ይቀራል።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ስፌት ማኅበሩ ውስጥ ከገባሁ ጀምሮ የካኪ ሱሪ ኪስ ስሰፋ ኖርኩ። ሙሉ ሱሪ አይደለም፣ ኪስ። ወገቡን ሌላዋ ትሰፋለች፣ እግሩን ሌላዋ። መንገድ ላይ ወታደር ሲያልፍ ሰዎች ፊቱን ያያሉ፣ እኔ ኪሱን። የራሴ የስፌት መኪና ቢኖረኝ የልጃገረድ ቀሚስ ከአንገት እስከ ጫፍ ብቻዬን እሰፋ ነበር። አንድ ክረምት ብቻ ነው የምለው። አንድ ክረምት።

መጋቢት 28

ቀበሌ ዋልኩ። ሊቀ መንበሩ ጓድ ተሰማ ድሮ ከአባባ ጋር ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ነበር። አሁን ጠረጴዛ አለው፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ መስተዋት አለው፣ በመስተዋቱ ሥር የራሱ ፎቶግራፍ።

«ዕረፍት ነው?» አለኝ።

«አዎ ጓድ።»

«ከምን ነው የምታርፊው?»

ከኪስ፣ ልል ነበር። አላልኩም። አንገቴን ደፋሁ። አንገቴን በመድፋቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ፎቶግራፍ፣ ዋስ፣ ከማኅበሩ ደብዳቤ እንዳመጣ፣ ደግሞ የቀረሁባቸውን የውይይት ክበብ ስብሰባዎች እንዳካክስ አዘዘኝ። ልወጣ ስል በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሴት መሆንሽ ጠቅሞሻል። ለወንድማ ዘንድሮ ዝግ ነው። ዕድሜው የደረሰ ወንድ ማመልከቻ ይዞ ከመጣ ስሙን ለብሔራዊ ውትድርና የማሳልፈው እኔው ነኝ፤ ታዝዣለሁ። ይህን ለአባትሽ ስል ነው የነገርኩሽ። ከዚህ ክፍል አይውጣ።»

«እኔ ምን አገባኝ ጓድ» አልኩት። እውነትም ምን አገባኝ።

ሚያዝያ 2

ቸኩያለሁ። ውይይት ክበብ። ርዕሱ አልገባኝም፤ አጨብጭቤያለሁ። ዋስ ተገኘ። ፎቶግራፉ ላይ የተቆጣሁ እመስላለሁ።

ሚያዝያ 5

ማታ ማታ ከአባባ ጋር እንማራለን። የከሰል ካውያውን አግሎ፣ ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፎ፣ እንደ ሆቴሉ አለቃ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። «ማድሞዜል፣ ይህ ምንድነው?» ይለኛል በፈረንሳይኛ። ስሳሳት ጠረጴዛውን በጣቱ ይመታል። በአማርኛ ሦስት ቃል የማይወጣው ሰው በፈረንሳይኛ ለፍላፊ ነው። እማዬ ከጓዳ ሆና «ምን እያለ ነው?» ትላለች፤ ማንም አይነግራትም። እንስቃለን። እሷ አትስቅም።

ሚያዝያ 9፣ ስቅለት

ሣህሉ ከከተማው ወጣ ካለችው ከመልካ ጀብዱ ለበዓሉ መጣ። ታናሽ ወንድሜ ነው። ሃያ አንድ ዓመት ሞልቶት ዛሬም ከእናቱ ሳህን ነው የሚበላው። ሁለት ዓመት ሆነው እዚያ አጎታችን ቤት እያደረ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ሲሠራ። የእኛ ቀበሌ ሄዷል ብሎ ሰርዞታል፤ የእነሱ ደግሞ እንግዳ ነው ብሎ አልመዘገበውም። «እኔ የማንም አይደለሁም» እያለ ይስቃል። ለእኔ መንደሪን አመጣልኝ። ለእማዬ ራሱን።

ቤተ ክርስቲያን ስንሰግድ ከኋላዬ አንዷ ሴትዮ ለሌላዋ «አዲሱ ዙር ተጀምሯል አሉ፤ የእህቴን ልጅ ከኳስ ሜዳ ወሰዱት» ስትል ሰማሁ። እማዬም ሰምታለች። ከዚያ በኋላ የሰገደችው ስግደት የጌታ አይመስለኝም፤ የሣህሉ ነው።

ሚያዝያ 12



ትናንት ፋሲካ። ዶሮው ቀርቦ፣ አባባ ባርኮ፣ ገና ሁለት ጉርሻ ሳንበላ እማዬ እጇን ከመሶቡ መለሰችና «ማዘንጊያ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ» አለች። በበዓል ቀን። ሰው ጾም ሊፈታ በተቀመጠበት።

«አንቺ ሴት ነሽ፣ ማንም አይወስድሽም። ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ ይሆንልሻል። ፈቃዱ ለሣህሉ ይሁን።»

«የልብስ ክፍል ሥራ ነው እማዬ። ለሴት ነው።»

«ወደብ ላይ ወንድ ሥራ አያጣም። ይሂድልኝ። ዙሩ እስኪያልፍ ብቻ ይሂድልኝ።»

አባባን አየሁት። ዓይኑን ከእንጀራው አላነሳም። ከሰል አግሎ ያስተማረኝ፣ ማድሞዜል ያለኝ ሰው፣ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሣህሉ «እማዬ፣ የእሷ ነው እኮ» አለ። አንዴ። አንዴ ብቻ አለና የዶሮውን እግር አነሳ።

ማን ነው ሃዎን ያገኘው? ማን ነው ክበብ ገብቶ ያጨበጨበው? ማን ነው በፈረንሳይኛ ኮሌታ ምን እንደሚባል የሚያውቀው? ተነስቼ ወጣሁ። ማንም አልተከተለኝም። ደቻቱ አሸዋ ላይ እስኪመሽ ተቀመጥኩ፤ ውሃ የሌለው ወንዝ ለተቆጣ ሰው ጥሩ ነው።

ሚያዝያ 13

አሁንም።

ሚያዝያ 15

ቤት ውስጥ ከማንም ጋር አልነጋገርም። ሣህሉ በር ላይ ሲያገኘኝ «ማዙ፣ እኔ አልጠየቅኩም» አለኝ። ታዲያ ለምን እንቢ አላልክም? ለምን እንደ እኔ ተነስተህ አልወጣህም? ይህን ሁሉ በዓይኔ ነገርኩት፤ በአፌ ምንም።

ለፋዱሞ ነገርኳት። «አቦ እናት ናት» አለች። ሁሉም ሰው እናት ናት ይላል። እኔስ ምንድን ነኝ? ትናንት ከጫካ ነው የተገኘሁት?

ሚያዝያ 19

እማዬ ዛሬ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ ወረቀትና እስክሪብቶ አስቀመጠችልኝ። «ማመልከቻውን ጻፊልኝ። የአንቺን አስቀርተው የእሱን እንዲያስገቡ።»

ጻፍኩ። ቁጭ ብዬ፣ መስመር ሳላጣምም፣ «ልጄ ሣህሉ ገብረ መድኅን፣ ዕድሜው 21፣ አሁን ከእኛ ጋር የሚኖር» ብዬ ጻፍኩ። ፎቶግራፉን በሙጫ ለጠፍኩ።

«ተሰማ እሺ የሚል ይመስልሻል?» አለችኝ በሩን ስትከፍት። ዓይኗ ያሳዝን ነበር።

«ሂጂና ጠይቂው» አልኳት።

ሌላ ምን እላታለሁ? እዚህ ቤት እኔ የምናገረውን የሚሰማ አለ? የበዓሉ ዕለት ሰምተውኛል? ትሂድ። ሄዳ ትየው።

ከሰዓት በኋላ ስለማመድ የአባባን ሸሚዝ ኮሌታ አቃጠልኩ። ከዚህ በፊት አቃጥዬ አላውቅም። ካውያው ከልክ በላይ ግሎ ነው።

ሚያዝያ 22

ለወንድ አይፈቀድም ተባለ። የእኔም ስም በራሳችን ማመልከቻ ስለተሰረዘ የዘንድሮው ዕድል ተቃጥሏል ተባለ። እንግዲህ ይኸው! ለሣህሉም አልሆነ፣ ለእኔም አልሆነ። ደስ ይበላቸው። አንሶላውን ሌላ ሴት ትተኩሰው።

እማዬ ስታወራ ሰማኋት። ጓድ ተሰማ ፎቶግራፉን አይቶ «ልጁ ለመሆኑ አሁን የት ነው?» አላት። እሷም ያዘነላት መስሏት «ቤት ነው ያለው፣ ለፋሲካ መጥቶልኝ ገና አልተመለሰም» አለችው። ደስ እያላት ነው የነገረችው። ሻይ እንኳን አዝዞላታል።

ሣህሉን ዛሬውኑ ወደ መልካ ጀብዱ ተመለስ ልለው አሰብኩ። ግን አንነጋገርም። እሱ ቀድሞ ያናግረኝ። ነገ።

ሚያዝያ 23

ወሰዱት። ከንጋቱ በፊት። ሁለት የቀበሌ ጠባቂዎች፣ አንዱ አብሮት የተማረ። ጫማውን እንኳን ሳያስር። እማዬ እስከ ከዚራ ሰፈር ድረስ በባዶ እግሯ ተከተለቻቸው።

ሚያዝያ 24

ዛሬ ያልኩትን ልጻፈው።

እማዬ ደጅ ላይ ተቀምጣ ደረቷን እየመታች «ማን ነገረብኝ? ማን ጠላት አለኝ?» ስትል፣ ሥራ ልሄድ ጫማዬን እያደረግኩ «አንቺ ነሻ» አልኳት። «ፎቶውን ወስደሽ፣ ስሙን ሰጥተሽ፣ ቤት ነው ያለው ብለሽ የነገርሽው አንቺ ነሽ። የእኔን ቀምተሽ ልትሰጪው ስትይ ለእነሱ ሰጠሽው።»

መምታቷን አቆመች። ቀና ብላ በቀስታ «እኔ መጻፍ እኮ አልችልም» አለች።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ማኅበሩ ደርሼ ኪስ ስሰፋ ዋልኩ። አልገባኝም።

ጥፋቴ ይህ ነው፦ ጎረቤት በሚሰማበት ጮክ ብዬ መናገሬ። እሱን አምናለሁ።

ግንቦት 2

እማዬ አትበላም። ሲጠሯት ትመጣለች፣ ሲያስቀምጧት ትቀመጣለች። ፋዱሞ ረመዳን ይዛ ምላሷ ደርቆ እያለ በየቀኑ በማፍጠሪያ ሰዓት ሾርባ ታመጣላታለች። «እኔ ቀኑን ሙሉ ጾሜ አሁን ነው የምበላው፤ አንቺ ማንን ነው የምትጾሚው? ብዪ አቦ!» ትላታለች። ሁለት ማንኪያ ትቀምሳለች።

ዛሬ የመጣልን ትእዛዝ ለሁርሶ ማሠልጠኛ ነው። አለቃችን «ፍጠኑ፣ ልጆቹ ገብተዋል» አለችን። ልጆቹ። መርፌው ሁለት ጊዜ ጣቴን ወጋኝ። በጥርሴ ክር እየበጠስኩ ማንን እንደምሳደብ ሳላውቅ ስሳደብ ዋልኩ።

ግንቦት 9፣ እሑድ

እኔና እማዬ ሁርሶ ሄድን። በጭነት መኪና፣ ከሌሎች እናቶች ጋር፤ አንዳንዷ በሶማሊኛ፣ አንዳንዷ በኦሮምኛ ታለቅሳለች። አጥሩ ጋ ስንደርስ ፀሐዩ አናት ይሰነጥቅ ነበር። ስም እየጠሩ አወጧቸው።

ሣህሉ ሲመጣ አላወቅኩትም። ፀጉሩ ተላጭቶ ጆሮው ብቻ ቀርቷል። ሱሪው ሰፍቶት በገመድ አስሮታል። ኪሱን አላየሁም፤ እምላለሁ፣ ፊቱን ነው ያየሁት።

እማዬ በሽቦው ውስጥ እጇን ሰድዳ ጉንጩን ያዘችና «እኔ ነኝ የበላሁህ» አለችው። «እኔ ነኝ ይዤህ የሄድኩ።»

እሱ ሳቀ። እንደ ድሮው፣ እንደ ረዳት፣ መኪናው ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚስቀው። «ምን ሆነሽ ነው እማዬ? ማመልከቻው ምን አገባው? የዚያኑ ቀን መልካ ጀብዱም ገብተው ወንድ አላስቀሩም እኮ። እዚያ ብሆን ያው ነበር። እንደውም ከቤቴ መወሰዴ ጠቀመኝ፣ ፋሲካን በላሁ።»

«እውነትህን ነው?»

«ጠይቂያቸው ከፈለግሽ! እነማን አብረውኝ እንዳሉ ብታዪ!»

እማዬ ተነፈሰች። ከወሰዱት ጀምሮ ስትተነፍስ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው። ያመጣነውን ዳቦ በሽቦው ሥር አሳለፈችለት፤ እሱም ፊቷ ቆርሶ በላላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብሎ «ማዙ፣ አንቺ ሂጂ» አለኝ። «እንዴት ብዬ?» አልኩት። «እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ብቻ ሂጂ። እኔ ባለጌ ነበርኩ፤ ያን ቀን አብሬሽ መውጣት ነበረብኝ።» ጊዜ አለቀ ተባለ።  ለምን እንደዚህ ያናግረኛል? ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እማዬ ማታ እንጀራ በላች።

ግንቦት 14

አባባ የድሮ የባቡር ጃኬቱን ለብሶ፣ የነሐስ ቁልፎቹን ወልውሎ፣ ቀበሌ እየሄደ ጓድ ተሰማ በር ላይ ይቀመጣል። ሲከፈት ይገባል፣ ሲዘጋ ይወጣል። ዛሬ ምሳ ላደርስለት ሄጄ በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሰማሁ።

«ጋሽ ገብሬ፣ እኔ ታዝዤ ነው» ይላል ተሰማ።

«አውቃለሁ። ወንዱን ወስደሃል። ሴቷን መልስልኝ።»

«ፈቃዱ አንዴ ተሰርዟል እኮ።»

«የሰረዘ እጅ ይጽፋል። ፍሬን ያዝ ስልህ አንድ ቀን ዘግይተህ ታውቃለህ? አታውቅም። ለምን? እኔ የምልህን አውቄ ነበር የምልህ። አሁንም አውቄ ነው። ጻፍ።»

በአማርኛ ነው ይህን ሁሉ ያለው። በአማርኛ! ደሜ ፈላ። ይህ ምላስ ፋሲካ ዕለት የት ነበር? ከቢሮው ሲወጣ በመንገድ ላይ ጠየቅኩት። አልጮህኩም፤ ጥርሴን ነክሼ ነው የጠየቅኩት።

ብዙ ሄድን፣ ለገሃር እስክንደርስ። «ትሂድ ብል እሱን አሳልፌ መስጠት መሰለኝ፤ ይሂድ ብል አንቺን» አለኝ። «ዝም ብል ያልፋል ብዬ ነበር።»

«አላለፈም አባባ።»

«አላለፈም።»

ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም ይቅር አላልኩትም። ምሳውን አብረን በላን።

ግንቦት 21

የፋዱሞ ዒድ ነው። ቤቷ ሳምቡሳና ሰው ሞልቷል። የአክስቷ ልጅ አብዲቃድር ከመልካ ጀብዱ ሊጠይቃት መጥቷል። ሣህሉ ረዳት የነበረበትን መኪና የሚነዳው እሱ ነው፤ ዕድሜውም ከሣህሉ ብዙ አይበልጥም። ሳየው እንዴት ተረፍክ አልኩት።

«ከምኑ?» አለኝ።

«ያን ቀን እዚያ የገቡ ዕለት።»

ፋዱሞ ወደ ጓዳ ጎትታ አስገባችኝ። «ማንም አልገባም» አለችኝ። «መልካ ጀብዱ እስከ ዛሬ አንድ ሰው አልነኩም። እናትሽ ስትነግረኝ ነው ውሸት መሆኑን ያወቅኩት። ዝም ብያለሁ። አንቺም ዝም በዪ።»

ሣህሉ ዋሽቷል። ከመልካ ጀብዱ ተወሰዱ ያላቸው ልጆች ሁሉ እዚያው ተቀምጠው ሳምቡሳ እየበሉ ነው። እዚያ ቢመለስ ዛሬ አብሯቸው ይበላ ነበር። እዚያ ተመለስ ቢለው አንድ ሰው። አንድ ቀን ቀድሞ።

በእሱም ተናደድኩ። በሽቦ ውስጥ ቆሞ፣ ጆሮው ብቻ ቀርቶ፣ ለሰው የሚያዝንበት አቅም ከየት አመጣ? ማን ጠየቀው?

ጓድ ተሰማ የነገረኝን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ከዚህ ክፍል አይውጣ ብሎኛል። ቃሌን ጠበቅኩ።

ግንቦት 26

ተፈቀደ። አባባ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጃኬቱን አወለቀና ተኛ። እስከ አሁን አልተነሳም።

ሰኔ 2

ባቡር ላይ። መስመሩ ይወዘውዘኛል፣ ጽሑፌ ይጣመማል።

ለገሃር ላይ እማዬ ስንቄን አቀፈችልኝ እንጂ እኔን አላቀፈችኝም። ከዚያ ሚያዝያ ወዲህ እንደዚያ ነን፤ እንነጋገራለን፣ ግን እንደ ተከራይና አከራይ። ባቡሩ ሲያፏጭ እጄን ያዘችና «ተቆጥተሽ አትሂጂ» አለችኝ።

«ሳልቆጣ መሄድ አልችልም እማዬ» አልኳት።

«እሺ። እንግዲያው ብዪ እየበላሽ ተቆጪ።»

አባባ በፈረንሳይኛ የሆነ ነገር ጮኸልኝ፤ በባቡሩ ድምፅ አልሰማሁትም። ድንበሩ ላይ፣ ደወሌ፣ ፈታሹ ወረቀቴን አይቶ «ለዕረፍት?» አለኝ። አዎ አልኩት። እጄን አየና «ይረፉ እሺ» ብሎ ሳቀ። ይሳቅ።

ሰኔ 20፣ ጅቡቲ

ሙቀቱ የድሬዳዋን ሙቀት ያስመሰግናል። ምድር ቤት ነው የምንሠራው፤ እንፋሎቱ ላይ እንፋሎት። ሃዎ ኮስታራ ናት፣ አትስቅም፣ ግን ውሃዋን ታካፍለኛለች። የክፍሉ አለቃ ፈረንሳዊት አሮጊት ናት። የመጀመሪያው ቀን ሳናግራት ደነገጠች፣ ከዚያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ማነው ያስተማረሽ? እንደ ድሮ የባቡር ሹፌር ነው የምታወሪው!» አለችኝ። አባቴ አልኳት። ስድቡን ሳይቀር አስተምሮኛል ለካ፤ ስድብ መሆኑን አልነገረኝም።

ቀጥ አድርጌ እተኩሳለሁ። ማንም አንሶላዬን አይመልስብኝም። ጎበዝ ነኝ። ጎበዝ መሆኔ ደስ ሊለኝ ሲጀምር ሁርሶ ትመጣብኛለች፣ እና ካውያውን ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ።

ሐምሌ 9

ፋዱሞ መጣች። በምሳ ሰዓት በጓሮው በር ጠርታ አስወጣችኝ። ሰላምታ ሳትጨርስ ገባኝ።

«የዙሩን ልጆች ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ወሰዷቸው» አለችኝ። «ሣህሉም ሄዷል። በሌሊት ነው የጫኗቸው፤ አባትሽ ደርሶ አላገኘውም።»

ቆሜ ነበር፤ የድንጋዩ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። የግቢው ግድግዳ ያቃጥል ነበር። ሃዎ ከውስጥ ስሜን ስትጠራ ሰማኋት።

«እናትሽ ደግሞ አንድ ሰው ነገራት» አለች ፋዱሞ። «ቀፊራ ገበያ ላይ አንዷ መልካ ጀብዱ ሰው አልተወሰደም አለቻት። ተመልሳ ወደዚያው ሐዘኗ ገባች። አትበላም። በእጄ፣ በእጄ ትላለች። እኔ ምን ልበላት? ነገ በባቡሩ ተመላሽ ነኝ። ምን ልበልልሽ?»

ምን ልበል? ዓመት ሙሉ ብቆጣ የሚበቃኝ ቁጣ አለኝ። ቁጣው የሚገባው ሰው ግን ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር።

«እንዲህ በዪያት» አልኩ። «ማዘንጊያ እዚህ አንድ ሰው አገኘች በዪ። ከመልካ ጀብዱ የመጣ፣ ያን ቀን እዚያ የነበረ። በዓይኔ አይቻለሁ፣ በየቤቱ ገብተው ወንድ አላስቀሩም፣ እኔ በጓሮ ዘልዬ ነው ያመለጥኩት ብሎ ነገራት በዪ። ገበያ ላይ ያወራችው ሴትዮ ምንም አታውቅም በዪ።»

 እውነቱን ጓዳ ውስጥ የነገረችኝ ፋዱሞ ራሷ ናት።

«ስሙን ብትጠይቀኝስ?»

«ሮብሌ በዪ።»

«ሮብሌ» አለች ለራሷ፣ እንዳትረሳው። «ግን እናትሽን ታውቂያታለሽ። ወላሂ ብዬ ካልማልኩላት አታምነኝም።»

«ማይላት።»

«አቦ ማዘንጊያ! በውሸት ወላሂ? ኃጢአቱስ?»

«በእኔ» አልኳት። «በእኔ ይሁን። የኔ ነው።»